ለፐርሺያን ድመቶችሽ ቤት ስትፈልጊ፦ ሦስት ድመት ሰጥቼ የተማርኩት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። ከደብረ ማርቆስ ለሥራ ወደ ውጭ ልትሄጂ ነው። ሁለት ፐርሺያን አሉሽ፣ እናትና ልጅ። የሚደውልልሽ ሁሉ «ኦርጅናል ናት? ትወልዳለች?» እያለ ነው። ለማን ልስጣቸው፣ ልሽጥ ወይስ በነፃ ልስጥ ብለሻል። እኔ ሦስት ፐርሺያኖችን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያዋ ላይ በጣም ተሳስቻለሁ፤ ከእሷ ልጀምርልሽ።

የሰጠኋት ለአንድ የማውቀው እህል ነጋዴ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ድመትም ይወዳል። ግን እሱ የሚያውቃት ድመት የአገራችንን ድመት ነው። እሷ ጎተራ ትጠብቃለች፣ የተረፈ ትበላለች፣ ራሷን ታጸዳለች። ፐርሺያን እንደዚያ አይደለችም። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንባዋ በዓይኗ ሥር እየፈሰሰ ይደርቃል፤ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ፀጉር ደግሞ በምላሷ ብቻ አትችለውም። በሦስተኛው ወር ልጠይቃት ስሄድ ሆዷና ብብቷ ሥር ያለው ፀጉር እንደ ባና ተጠቅጥቋል። ከሥሩ ቆዳዋ ቆስሏል። ከስታለች። መጋዘኑ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተበትኗል፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች። በዚያው ቀን ይዣት ተመለስኩ። የተቋጠረውን በመቀስ ለመቁረጥ እንዳትሞክሪ፣ ቆዳው አብሮ ይቆረጣል። እኔ በፀጉር መላጫ ማሽን ቀስ እያልኩ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ነጋዴውን አልወቅሰውም። ሳልጠይቅና ሳላሳይ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ድመት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ማበጠሪያውን እጁ ላይ መስጠት ነው። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ። «እስቲ አበጥራት» እላለሁ። የፐርሺያን ፎቶ የሚወድ ብዙ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚያበጥር ግን ትንሽ ነው። ሁለተኛዋን የወሰዷት ባሕር ዳር ያሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ድመቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝ አበጠሯት። ሌላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ባሕር ዳር ከማርቆስ ስለሚሞቅ፣ አፍንጫዋ አጭር የሆነ ድመት ደግሞ ሙቀት ስለማትችል፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀዝቃዛ ወለል ያለበት ክፍል ውስጥ እንድትውል ተነጋገርን።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «በሁዳዴ ምን ትሰጣታለህ?» የሚል ነው። ይሄን በደንብ ጠይቂ። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሳ ነው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይዳከማል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሥጋ አይገባበትም፣ ሥጋ ቤቱም ሊዘጋ ይችላል። «እኛ የምንበላውን ትበላለች» የሚል ሰው በሽሮ ሊያሳልፋት ነው ማለት ነው። ጾሙ ሳይገባ የደረቅ ምግብ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ፈልጊ። ባሕር ዳር ከሆነ የጣና ዓሳ አለ፤ አጥንቱ በደንብ ወጥቶ፣ ተቀቅሎ፣ ከሌላ ምግብ ጋር እያፈራረቁ መስጠት ነው። ወተት ግን ጥሩ ምትክ አይደለም፤ ብዙ ያደጉ ድመቶች ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል።

ስለ ዋጋው የእኔን ሐሳብ ልንገርሽ። እኔ አልሸጥኩም። የክትባትና የክሊኒክ ወጪውን ግን ወሳጁ እንዲሸፍን አድርጌያለሁ፤ ይህን የከፈለ ሰው ነገ ስትታመምም ሐኪም ጋ ይወስዳታል ብዬ አምናለሁ። «ትወልዳለች?» ብሎ ለጀመረሽ ሰው ግን አትስጪ። ድመት 9 ሳምንት ገደማ ነው የምታረግዘው፤ ግልገሎቿን እያጠባች እንኳ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ለመሸጫ የሚያስወልዳት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ይጨርሳታል። ስለዚህ ከመስጠትሽ በፊት አስመክኛቸው። ብዙዎቹ ክሊኒኮቻችን የሚያክሙት ላምና በግ ስለሆነ ድመት ቀዶ የሚያውቅ ሐኪም ጠይቀሽ አግኚ። ማደንዘዣው ለጠፍጣፋ ፊት ድመት ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አብረሽ አስጨርሺ፤ ካርዱንም አስረክቢ።

«ኦርጅናል ናት?» ለሚልሽ እውነቱን ንገሪው። የዘር ወረቀት ከሌላት የለም በይ። ወረቀት ማለት የወላጆቿና የአያቶቿ መዝገብ ነው፤ በኋላ የሚሠራ ነገር አይደለም። የሚታወቅ ሕመም ካላቸው ደግሞ አትደብቂ። በተለይ ፐርሺያን ላይ ኩላሊትን በውኃ ከረጢት የሚሞላ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሊወረስ ይችላል። እናትየዋ ውኃ የምታበዛና እየከሳች ከሆነ ሁለቱንም አስመርምሪ።

ሁለቱን ስለ መለየት አልጠየቅሽም፤ ግን አይቀርልሽም፤ አንዷን ብቻ የሚፈልግ ይበዛል። ተቃቅፈው የሚተኙ ከሆነ አትለዪያቸው። በምግብ የሚጣሉና በየጥጋቸው የሚተኙ ከሆነ ግን ቢለያዩም አይጨነቁም።

ለአዲስ አበባ ሰው ከሰጠሽ መንገዱን አስቢበት። ሦስተኛዋን የላክሁት አዲስ አበባ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት እንደዚያች ዓይነቷን ድመት ሊገድላት ይችላል። ጎሕ ሳይቀድ ተነስተን ፀሐይዋ ሳትበረታ ጎሃ ጽዮን ደረስን። ሌሊቱን ምግብ አልሰጠኋትም፣ እንዳታስመልስ። በጆንያ በፍጹም አትላኪ። አየር የሚያስገባ፣ ክዳኑ የሚታሰር ቅርጫት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ይሁን።

አዲሱ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ይሰጣቸው። የለመዱትን ብርድ ልብስ ሳታጥቢ አብረሽ ላኪ፤ ጠረኑ ያረጋጋቸዋል። የሚጸዳዱበትን ሰጋቱራም ከአሮጌው ጥቂት ቆንጥረሽ አዲሱ ላይ ጨምሪ። ተደብቀው ቢውሉ ችግር የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ካልበሉ ግን ሐኪም ጋ መሄድ አለባቸው፤ ድመት ስትራብ ጉበቷ ቶሎ ይጎዳል፣ በተለይ ወፈር ያለች ከሆነች። ውጭ አይለቀቁ፤ ውሻውንም ሌሊት የሚመጣውን ጅብም አያውቁትም። ትኩሳት ቢኖራቸው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧቸው ጽፈሽ ስጪ፤ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። ለቁንጫም የከብት ወይም የውሻ መድኃኒት አይቀቧቸው።

የምትሄጂበት ቀን ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድመሽ ጀምሪ። አንድ ወር ሲቀርሽ ስጪያቸው፤ ካልተስማማቸው መልሰሽ ለመውሰድ አንቺ እዚህ አለሽ ማለት ነው። መምህርቷ እስካሁን በየሁለት ሳምንቱ በቴሌግራም ፎቶ ይልኩልኛል፤ አንቺም ፎቶ እንዲላክልሽ ከመጀመሪያው ተስማሚ። ክዳኑ የሚታሰር ቅርጫት እኔ ጋ አለ፤ እኔም ማርቆስ ነኝ፣ ስትፈልጊ መጥተሽ ውሰጂው።