የመቃብሩ ካብ ፈርሷል፣ ማን ይካበው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከእነዋሪ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ መንደር ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። 160 አባወራ ነን፤ ከእነዚህ 20ው ሙስሊሞች ናቸው። የወር መዋጮአችን ለቀብር፣ ለድንኳንና ለዕቃ መግዣ ይውላል። የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ግን ጠያቂ አጥቷል። ካቡ በሦስት ቦታ ተንዷል፣ ከብት ይገባበታል። ዳር ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ ወደ መቃብሩ ገብቷል። ለጥገና እናዋጣ ብንል «መጀመሪያ ለቁም ሰው» ይሉናል። አሁን ደግሞ አሜሪካ ያለ የመንደራችን ልጅ ለአባቱ የእብነ በረድ ሐውልት ላሠራ አለን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። 11 ዓመት የእድር ገንዘብ ያዥ ነበርኩና ያሉትን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ለድንኳን አዋጡ ሲባል ቶሎ የሚከፍል ሰው ለመቃብር አጥር ሲባል ያመነታል። ድንኳኑን ነገ ሊፈልገው ይችላል። አጥሩን ግን የኔ የሚለው የለም።

«ለቁም ሰው» ላሏችሁ ይህን ንገሩልኝ። ሰኔ ላይ እናቷን የቀበረች ልጅ ለአርባው ስትመጣ መቃብሩን ከብት ረግጦት፣ አፈሩ ሰምጦ ታገኘዋለች። እሷም የቁም ሰው ናት።

ወደ አሜሪካው ልጅ ልምጣ። አትከልክሉት፣ አባቱን ማክበሩ ነው። ግን ምከሩት። አገራችሁ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ከበድ ያለ ነገር ከላዩ ካስቀመጡበት ዝም ብሎ አይሸከምም። የአባቴን መቃብር ዋልካ ላይ በሲሚንቶ አሠርተን ነበር። በሦስተኛው ክረምት አንዱ ጥግ ሰመጠ። በስንጥቁ ውኃ ገባ፣ ሣር በቀለበት። እናቴ ስንጥቁን በዱላዋ ጫፍ እየነካች «ቤቱ ፈረሰበት» ብላ አለቀሰች። መልሰን ስናሠራው መጀመሪያ ካወጣነው በላይ አወጣን።

ስለዚህ ልጁን እንዲህ በሉት፦ ለአባትህ ስማቸው የተቀረጸበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃቸዋል፣ የቀረውን ብር ከበሩ ጀምሮ ለሚካበው ካብ አድርግላቸው። ሥራው ሲያልቅ ፎቶውንና የወጪውን ደረሰኝ ላኩለት። ደረሰኝ ያየ ሰው ለሌላውም ይናገራል።

ነገር ግን ከውጭ የመጣ ብር ካቡን አንድ ጊዜ ያስነሣል እንጂ በየክረምቱ የሚናደውን አይጠግንም። የዓመት ዓመቱ ከራሳችሁ ይውጣ። አባወራው በወር 5 ብር ቢጨምር ለ160ው በዓመት 9,600 ብር ይሆናል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም እኩል ስለሚከፍሉ የእነሱ ድርሻ፣ 1,200 ብሩ፣ ለራሳቸው መቃብር ይሂድ። ይህ በቃል እንዳይቀር መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አስገቡት። በዚህ ሰበብ ሲቃቃሩ ያየኋቸው ጎረቤቶች አሉ፣ እናንተን አይግጠማችሁ።

የቀረው 8,400 ብር ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ደግነቱ ድንጋዩ እዚያው ወድቋል፣ የሚገዛ ነገር የለም። ጉልበቱን በደቦ አድርጉት። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ጠንከር ሲልና አጨዳው ሳይደርስ፣ ጥቅምት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። በበዓል ቀን መሥራት ከፈለጋችሁ ካህናቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብሩ ካብ አዋቂ ለሆነው ሰውና ለበሩ ይዋል።

ከሐዘንተኛው ላይ ግን አትቁረጡ። ለቤተሰቡ ከሚሰጠው ላይ «ለመቃብር ጥገና» ብሎ የሚቀንስ እድር አለ። እኔ በፍጹም አልስማማበትም። ዕንባው ያልደረቀ ሰው ፊት ሒሳብ አይነሣም። ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ ልቡ ረጋ ሲል፣ ራሱ ይሰጣል።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ፣ መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ነውና ያለ ሰበካ ጉባኤው አንድም ግንድ እንዳትነኩ። ሰበካ ጉባኤው ውስጥ ካህናትም፣ ምእመናንም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም አሉ። ከመካከላቸው የእድራችሁ አባል አይጠፋም፣ በእሱ በኩል ግቡ። አጣናው ሲሸጥ ግማሹ ለካቡ እንዲውል ጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ገንዘቡም በቤተ ክርስቲያኑ ደረሰኝ ይግባ። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቢሆንም መቃብሩ መሃል ያለውን ጉቶ እንዳትቆፍሩ፣ አጽም ትነካላችሁ። ቡቃያውን በየጊዜው መልምሉት። ዳር ዳሩን ጽድና ወይራ ትከሉ።

አሁን ከብሩም ከካቡም የሚቀድመውን ልንገርዎ። ደብተር ያዙ። አንድ ጊዜ የአያቴን መቃብር ፍለጋ ወደ ገጠር ሄድኩ። ምልክት የለውም፣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ዘበኛ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና ከወይራው ሥር መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሄደው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙት። «ራሷ እዚህ ጋ፣ እግሯ ወደ ምሥራቅ» አሉኝ። ተንበርክኬ ሣሩን በእጄ ነቀልኩ። በዓመቱ እሳቸውም አረፉ። ከዚያ በኋላ ዘመዱን ፈልጎ የመጣውን ሁሉ ማን ይምራው?

እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ዘበኛ ወይም የድሮ ቆፋሪ ይኖራል። ሳይደክሙ ድረሱባቸው። ጽሕፈታቸው የሚነበብ ሁለት የሰንበት ተማሪዎች ይዛችሁ ከበሩ ጀምራችሁ ረድፉን ቁጠሩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ያረፉበት ዓመት ይጻፍ። ማን እንደሆነ የማይታወቀውንም «ያልታወቀ» ብላችሁ ቁጥር ስጡት። ደብተሩ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ እድሩ ሣጥን ውስጥ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጥ።