«እኔ ሳስተኛው አፌን ይይዘኛል»

ጥያቄ፦
ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። በትዳር ምክንያት ደሴ ከገባሁ ቆየሁ። ልጃችን ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሥራ ስለምውል ቀኑን ሙሉ ከባለቤቴ እናት ጋር ይውላል። እሳቸው ሲያጥቡትም ሲያስተኙትም መንዙማ ያንጎራጉሩለታል። እኔ ማታ ስገባ እንግሊዝኛ ይልመድ ብዬ በስልኬ የፈረንጅ የልጆች ዘፈን እከፍትለታለሁ። ስልኩን ይወደዋል፤ ስዘጋበት መሬት ላይ ይንከባለላል። ላስተኛው ብዬ እሹሩሩ ስል ግን እጁን አፌ ላይ ያደርግና «እምቢ! እማማ ትበል!» ይለኛል። ባለቤቴ «የወሎ ልጅ ነዋ!» ብሎ ይስቃል። አማቴ «ፈረንጅ ልታደርጊው ነው እንዴ?» ይላሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ባለቤቴ ሙስሊም ነው፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ግን ልጄ ከእኔ እየራቀ መሰለኝ። ጆሮውም ሌላ ሙዚቃ እንቢ ይል ይሆን? መንዙማውን ቀነስ ያድርጉለት ብላቸው ነውር ነው?

መልስ፦
እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ነውር አይደለም፤ ግን አትበያቸው።

ከሁሉም በላይ ያመመሽ አፍሽ ላይ የምታርፈው ያቺ ትንሽ እጅ ነች። ሠርተሽ ውለሽ፣ ናፍቀሽው ገብተሽ «አንቺ ተይ» መባል ያማል። ሆኖም የሁለት ዓመት ልጅ ነገሮችን የሚይዘው ከሰውና ከሰዓት ጋር አያይዞ ነው። የአባቱን ጫማ ብታጠልቂ ተቆጥቶ ያስወልቅሽ የለ? መኝታም ለእሱ እንደዚያው ነው። እንቅልፍ ከእማማ ዜማ ጋር ተያይዟል፤ አንቺ ስትገቢበት ሥርዓቱ ተዛባበት። አንቺን ጠልቶ አይደለም። በዚያ ላይ ዕድሜው «እምቢ» የሚጣፍጥበት ዕድሜ ነው። (እግረ መንገዴን፣ «እማማ ትበል» ሁለት ቃል አጋጥሞ ፍላጎቱን የገለጸበት ንግግር ነው። ደስ ይበልሽ።)

እንዲያውም ከማንም በፊት የለመደው የአንቺን ድምፅ ነው። ፅንስ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ድምፅ ይሰማል። አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ ለእናታቸው ድምፅ እንደሚያደሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። አማትሽ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይሄ የዜማ ምርጫው ከየት መጣ? ከዕቅፍ ነው። ሳሙኤል ሜርና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። የአምስት ወር ሕፃናት አዲስ ዜማ እንዲለምዱ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ ቤት ውስጥ ወላጃቸው ዘፈነላቸው፤ ለሌሎቹ ዜማው ከአሻንጉሊት ወጣ። በኋላ የማያውቋቸው ሰዎች ሲዘፍኑ አሳዩአቸው። ከወላጅ የሰሙት ያንኑ ዜማ ወደዘፈነው እንግዳ ሰው አደሉ። ከአሻንጉሊት የሰሙት አላደሉም። ልጅሽ ገና የመንዙማን ምንነት አያውቅም። የሚያውቀው የአያቱን ደረት፣ ሽታቸውንና ጀርባውን መታ መታ የሚያደርጉበትን ምት ነው።

የስልኩንም ነገር በዚሁ መንገድ እይው። ፓትሪሻ ኩል የምትባል ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛን ድምፆች ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው ተማሩ። በቪዲዮ የቀረበላቸው ግን አልተማሩም። ልጅሽ ከእነሱ ትልቅ ነው፤ ከስልክ አንዳንድ ቃል ሊይዝ ይችላል። ብቻውን ግን ቋንቋ አይሆነውም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ የስክሪን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። መሬት ላይ የሚንከባለለውም ለዘፈኑ ሳይሆን ለስክሪኑ ይመስለኛል። እውነቱን ልንገርሽ? የአማትሽ አነጋገር ቢቆጠቁጥም፣ በስልኩ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ስለ ጆሮው አትስጊ። ሃነንና ትሬሀብ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው ጆሯቸው ወደለመዱት ምት ማድላት ይጀምራል። ባዕድ ሙዚቃ ለጥቂት ጊዜ ሲሰሙ ግን ያንንም መልሰው ይይዙታል። ልጅሽ ደግሞ የሚያድገው ወሎ ነው። ከአራቱ የአገራችን ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የእዚያው አገር ስም ነው የያዙት። ባጃጁም ሠርጉም ሌላ ሌላውን ያሰማዋል።

አሁን በጨረፍታ ወዳለፍሽው ነገር ልምጣ። ስለ እምነታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረሽኝ ቶሎ ወጣሽ። ወሎ ውስጥ እንደ እናንተ ያለ ቤት ብዙ ነው፤ ፋሲካውም ዒዱም አንድ ግቢ ውስጥ ይውላል። ያም ሆኖ ልጅ ሲመጣ ጥያቄው ይመጣል፦ ልጃችን ምን እየሰማ ይደግ? ይህን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የተነጋገራችሁ አልመሰለኝም። ጥያቄው እዚህ ካለ፣ አማትሽን መንዙማ ይቀንሱ ማለት ለባልሽ የሚነገረውን ለእናቱ መናገር ይሆናል። እሳቸውም «ልጁን አትቀፉት» እንዳልሻቸው ነው የሚሰሙት።

ለጊዜው የቀኑን እንቅልፍ ለእሳቸው ተዪው። አንቺ የራስሽን ሰዓት ያዢ። ስትገቢ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ልብሱን ስትቀይሪለት፣ እግሩን ስታጥቢው፣ ስሙን ያስገባሽበት አጭር ዘፈን አውጪ። ድምፅሽ አያምርም ብለሽ አትሳቀቂ፤ እሱ ዳኛ አይደለም። በየማታው ያንኑ ድገሚው። አንቺ ትሰለቺያለሽ፣ እሱ አይሰለችም፤ ልጆች የሚወዱት ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ነው። ከቀናት በኋላ የመጨረሻዋን ቃል ትተሽ ዝም በይ፤ ራሱ ሊሞላልሽ ይችላል። አፍሽን ከያዘሽ አታኩርፊ። «እሺ፣ እማማ ነገ ትላለች» በይውና ወደ ጨዋታ ለውጪው። የፈረንጁንም ዘፈን አንዳንዴ ስልኩን ገልብጠሽ ድምፁን ብቻ ክፈቺና አብራችሁ ጨፍሩ።

መንዙማውን ተቀበዪ አልልሽም፤ ያ የራስሽ ውሳኔ ነው። እሹሩሩ ግን የሁላችሁም ነው። ቡና ስትጠጡ አማትሽን «ልጅዎን በምን እያሉ ነበር የሚያስተኙት?» ብለሽ ጠይቂያቸው። አንዱን ስንኝ ካንቺው ጋር ቀላቅይው።

ከባለቤትሽ ጋር ግን ሰሞኑን፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ተነጋገሩ። «የወሎ ልጅ ነዋ» ሲል አንቺ እንግዳ እንደሆንሽ ያህል እንደሚሰማሽ ንገሪው። እሱ ቀልድ ብሎታል፤ ካልነገርሽው አያውቅም። ለእናቱ መነገር ያለበት ነገር ካለ፣ ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ይንገራቸው።