ስም ለማውጣት አትቸኩሉ

ልጆቼ፣ «አዲስ ዝርያ ማግኘት እፈልጋለሁ» እያላችሁ የምትመጡ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ብዙ ናችሁ። እሰየው ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በባሕር አሸዋ ውስጥ ከሚኖሩ ጠፍጣፋ ትሎች ጋር ስለሆነ፣ ከማውቀው ልንገራችሁ።

አብዛኞቹ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አያልፉም። የሚኖሩት በአሸዋ ቅንጣቶች መሃል ባለችው ክፍተት ነው። ማዕበል እንዳይወስዳቸው ቅንጣቷን ሙጭጭ ይሏታል። በውሃ ብቻ ብታጥቧቸው እሺ አይሉም። ስለዚህ አሸዋው ላይ ማግኒዝየም ክሎራይድ የሚባል ጨው የተበጠበጠበት ውሃ እናፈስበታለን። ጡንቻቸው ሲላላ ዕቃውን በቀስታ አዙረን ውሃውን በስስ ወንፊት እናጠላለን። አሸዋው ከታች ይቀራል፣ ትሎቹ ወንፊቱ ላይ። ወዲያው ወደ ንጹሕ የባሕር ውሃ መልሷቸው።

ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ብርሃን የሚያሳልፉና ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ናቸው። እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ዝርያን ከዝርያ የሚለየው በወንዴው አካል ጫፍ ያለችው ጠንካራ መርፌ ቅርጽ ናት። እሷን ለማየት ትሉን በስስ መስታወት ሸፍናችሁ፣ ውሃውን ከጠርዝ በወረቀት እየመጠጣችሁ ቀስ በቀስ መጫን አለባችሁ።

በወጣትነቴ አይቼው የማላውቀው ዓይነት መርፌ ያለው አንድ ትል አገኘሁ። ልቤ ዘለለ። ይበልጥ ጠርቶ እንዲታየኝ ብዬ ውሃውን አብዝቼ መጠጥኩት። ትሉ ዓይኔ እያየ ፈነዳ። ፎቶ አላነሳሁም፣ በእጄም አልሳልኩትም። ወደዚያው ዳርቻ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ፤ አላገኘሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መስታወቱን ከመጫናችሁ በፊት ትሉን በሕይወት እያለ፣ ሲዋኝ እዩት። አልኮል ውስጥ ከገባ ይኮማተርና መልኩ ይጠፋል። ሳሉት። ፎቶ አንሱት። ሌሎች እስክታገኙም ታገሱ፤ ለሙዚየም የሚቀመጥ ያስፈልጋችኋል፣ ለዲኤንኤ ምርመራም እንዲሁ።

በሰሜን አድርያቲክ ባሕር፣ ጣሊያን ሊኛኖ አጠገብ ከአሸዋ የተገኘውን ማክሮስቶመም ሊኛኖ የሚባለውን ጠፍጣፋ ትል ተመልከቱ። ጅራቱ ላይ 130 ያህል ማጣበቂያዎች አሉት። የተቆረጠ አካሉን መልሶ ስለሚያበቅል ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ይረባል። የዝርያ ስሙ ግን የወጣለት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በምርምር ጽሑፎች ላይ የሚጠራው «ማክሮስቶመም ኤስፒ» እየተባለ ነበር፤ ወገኑ ታውቋል፣ ዝርያው ገና ነው ማለት ነው። ሥራው ግን አልቆመም። እናንተም «ኤስፒ» ብላችሁ መጻፍ አትፈሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትሉ በሚቀመጥበት ብልቃጥ ውስጥ የምትገባውን ወረቀት ችላ አትበሏት። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ አሸዋው ደቃቅ ይሁን ሻካራ ጻፉባት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንን ብልቃጥ ከመደርደሪያ የሚያነሳ ሰው እናንተን አግኝቶ አይጠይቅም፤ ያለችው እሷ ብቻ ናት። በእርሳስ ይሁን ታዲያ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።