ስብርባሪውን ከማንሳትዎ በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ሠርቼ ሦስት ጊዜ ወድቆብኛል። መጀመሪያ ከእጄ እንደ ወጣ ወደ ግራ ተጋድሞ መሬት መታ። ጅራቱ ተሰብሮ ስለ ነበር በሙጫ ጠግኜ ሁለተኛ ጊዜ ሳስነሣው፣ አፍንጫውን እያነሣና እየደፋ እንደ ማዕበል ሄዶ መሬት ላይ ተተከለ። ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ ሲበር ቆይቶ ሳዞረው አንዱ ክንፉ ድንገት ወረደና እየተሽከረከረ ወደቀ። ሞተሩ ደካማ ይመስለኛል። ትልቅ ሞተር ልግዛ ወይስ ፎሙ ነው የማይሆነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሞተሩን ለጊዜው አይግዙ፤ ፎሙም ጥፋት የለበትም። ደብዳቤዎ የሚናገረው ስለ ሦስት የተለያዩ አወዳደቆች ነው፤ እርስዎ ግን ሦስቱንም በአንድ ምክንያት ጠቅልለዋቸዋል። በመካከሉም አውሮፕላኑ ስለ ተጠገነ፣ ሁለተኛ የበረረው አውሮፕላን በሚዛኑ ረገድ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አልነበረም።

ፕሮፔለር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር የአውሮፕላኑን አካል በተቃራኒው ለማጋደም ይገፋዋል፤ በአብዛኛው ይህ ግፊት ወደ ግራ ነው። በቂ ፍጥነት ካለ በአይለሮን፣ ማለትም በክንፎቹ ኋላ ጠርዝ ላይ ባሉት ተንቀሳቃሽ መሪዎች፣ ይታረማል፤ ከእጅ በወጣበት ቅጽበት ግን በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ጥቂት ስለሆነ መሪው አይታዘዝም። ጀማሪዎች ቶሎ ከፍ እንዲል ብለው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ሲወረውሩት ያቺኑ ጥቂት ፍጥነት ያሳጡታል። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው፣ ክንፎቹን አስተካክለው፣ ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገው ጠንከር ባለ ግፊት ይልቀቁት። ሞተሩ ቢተልቅ ይህ ጠባይ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

የሁለተኛው ምክንያት የጥገናው ሙጫ ሳይሆን አይቀርም። እንደ ማዕበል መነሣትና መድፋት ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን የሚያሳየው ምልክት ነው። የክንፍዎ ስፋት ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ባትሪው በቦታው ገብቶ አውሮፕላኑ በሁለት ጣት ሲያዝ መመጣጠን ያለበት ከፊት ጠርዙ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ከዚህ ነጥብ 40 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ የተጨመረ 10 ግራም ሙጫ፣ 20 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ባለው አፍንጫ ላይ 20 ግራም ይጠይቃል። አሥር ግራም ደግሞ በእጅ ሲያዝ ምንም አይመስልም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ሚዛኑን እንደ አዲስ ይለኩ። ለአየር ገና ያልተላመደ እጅ አፍንጫው ትንሽ የከበደ አውሮፕላን ይመረጣል፤ ሰነፍ ሆኖ ይበራል እንጂ አይከዳም።

ሦስተኛው ስቶል የሚባለው ነው። ክንፍ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ የመሸከም ኃይሉ በድንገት ይወድቃል፤ አውሮፕላኑ እየዞረ ከሆነም አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ይወርዳል። ጀርመናዊው የበረራ ፈር ቀዳጅ ኦቶ ሊሊየንታል እ.ኤ.አ. በ1896 ሕይወቱን ያጣበት አደጋ ከዚሁ ዓይነት ነበር፤ ነፋስ ሞተር አልባ መንሸራተቻ አውሮፕላኑን አፍንጫ አነሣበትና ከ15 ሜትር ገደማ ወደቀ። አሜሪካውያኑ የአውሮፕላን ፈጣሪዎች የራይት ወንድማማቾች በመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖቻቸው ኤሌቬተሩን፣ ማለትም አፍንጫውን የሚያነሣውንና የሚደፋውን መሪ፣ ከክንፉ ፊት ያስቀመጡበት አንዱ ምክንያት ይህን የመሰለ አደጋ መፍራታቸው ነበር። የሌላውን ሰው አወዳደቅ በጥሞና ማጥናት ማለት ይህ ነው።

በእርስዎ ላይ ሁለት ነገሮች ተደርበዋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየራችን በባሕር ጠለል ካለው ከ15 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፤ በዚህም ምክንያት ያው አውሮፕላን እዚህ በአየር ላይ ለመቆየት አንድ አሥረኛ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ ፀሐይ የብሱን ካሞቀች በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል። አውሮፕላኑ ዞሮ ነፋሱ ከኋላው ሲገፋው እጅግ የፈጠነ ይመስላል፤ አብራሪውም ደንግጦ ሞተሩን ይቀንሳል ወይም አፍንጫውን ያነሣል። ክንፉ ግን የሚያውቀው አየሩን እንጂ መሬቱን አይደለም። በማለዳ፣ ደንገሉ ሳይወዛወዝ ይብረሩ፤ በሚያዞሩበት ጊዜ ሞተሩን አይቀንሱ፤ ክንፉ ቢወርድብዎም ኤሌቬተሩን ከመሳብ ይልቅ ለቀቅ አድርገው ፍጥነት ይስጡት። ወደ እርስዎ በሚመጣበት ጊዜ ግራና ቀኝ ስለሚገለበጥብዎ፣ የሪሞቱን ዱላ ዝቅ ብሎ ወደሚያዩት ክንፍ ጎን ይግፉት፤ ክንፉ ይነሣል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማስበልጠው ጉዳይ ልምጣ። አውሮፕላን ሲወድቅ ልጆች ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጥተው ስብርባሪውን በፍቅር ሰብስበው ያስረክቡናል። እኔም ለብዙ ጊዜ እያመሰገንሁ እቀበል ነበር፤ ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፈው ግን አወዳደቁን የሚናገረው ነገር ሁሉ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። ዛሬ ልጆቹን ስብርባሪው አጠገብ በዘብነት እንዲቆሙ እለምናቸዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይቆማሉ። እርስዎም ሞተሩን ያጥፉ፣ ባትሪውን ይንቀሉ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ቁራጭ በወደቀበት ቦታ እንዳለ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ነጭ ፎም የተመታበትን ይዞ ይቀራል፦ አፍንጫው ፊት ለፊት ተጨፍልቆ አፈር ከቆረጠ በቀጥታ ተተክሏል ማለት ነው፤ ሆዱ ብቻ ተፍቆ ከሆነ ወደ መሬት የቀረበው በዝግታ ነው። ባትሪውን የያዘው ማጣበቂያ ወደ ኋላ ተጎትቶ ካገኙት፣ ባትሪው በአየር ላይ ተንሸራትቶ ሚዛኑን አዛብቶ ሊሆን ይችላል። ልጆቹንም «ከመውደቁ በፊት መጀመሪያ ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። አብራሪው እጁን ሲያስብ እነርሱ አውሮፕላኑን ሲያዩ ስለነበር፣ አንዳንዴ ከእኛ የተሻለ ያስታውሳሉ።

ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው እንደገና ይሞክሩ። ሚዛኑን፣ ሞተሩንና ክንፉን በአንድ ቀን ቢለውጡ፣ ቢበርም ለምን እንደ በረረ አያውቁም። ለጥገናው የአናጢ ኮላ ይጠቀሙ፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል እንጂ ፎሙን አይጎዳም፤ ሱፐር ግሉ ግን ነጩን ፎም ያቀልጠዋል። ከማብረርዎ በፊትም ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ፈጽመው ይራቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ አውሮፕላን ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። ዋኝቼ ላውጣው ነበር፤ ጓደኞቼ ከለከሉኝ። ባትሪውስ ዳግም ያገለግላል?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ትክክል ናቸው። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ፣ በታንኳ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪው ውኃ ገብቶት ከሆነ፣ አብጦ ከሆነ ወይም ጎኑ ከተጎዳ ቻርጅ አያድርጉት፤ አይብሱትም። ከቤት ውጭ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ፣ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ያቆዩት። ያልተጎዳ የሚመስለውም ቢሆን እያንዳንዱ ክፍሉ ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ካገኙት ዳግም አይመኑት፤ በዚያ ባትሪ የሚሠራው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ሪሞቱን የሚሰማው ተቀባይም ስለሆነ፣ ባትሪው በአየር ላይ ከከዳ መሪው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።