ጅቡ ለጠላው አይደለም የሚመጣው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጓሮ ትዝ አለኝ። አዲስ የገባሽበት ግቢ አጥሩ ክፍት ነው ብለሻል። ለፋሲካ ጠላ ልትጠምቂ ስትሰናጂ ጦጣ ብቅልሽን በተነው። ማታ ማታ ደግሞ ጅብ አጥሩ ድረስ ይመጣል። «የጠላው ሽታ ነው ወይ የሚጠራቸው? ጎንደር ከተማ ውስጥ ተቀምጠን እንዲህ ይሆናል ወይ?» ነው ያልሽው።

ይሆናል እንጂ! እኔ የምኖረው ከቀሃ ወንዝ ብዙም ሳልርቅ ነው። ከእናቴ ጋር ጠላ መጥመቅ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ እንኩሮውንም ቂጣውንም የምንሠራው ደጅ ነው። ስለዚህ እንግዶችሽን በደንብ አውቃቸዋለሁ።

ከጅቡ ልጀምር፣ ያስፈራሽ እሱ ስለሆነ። ጅብ ጠላ ፈልጎ አይመጣም። እሱ ሥጋ፣ አጥንትና ቆዳ ነው የሚፈልገው። ጠላው የሚጠራው ሌላውን ነው፤ ጅቡ ያንን ሌላውን ተከትሎ ይመጣል። ይህን የተማርኩት ገንዘብ ከፍዬ ነው።

አንድ ዓመት የማኅበር ተራ ደርሶኝ ጠላ ጠምቄ ነበር። ጠላው ሲያልቅ አተላውን ከአጥሩ ጀርባ ደፋሁት። ከብት የለን፣ የት ልውሰደው? በመጀመሪያው ቀን የሰፈር ውሾች ተሰበሰቡ። በሁለተኛው ቀን የአንድ ጎረቤታችን አህያ አምልጣ መጣች። አተላውን ስትልስ አመሸች አሉ፣ እኔ አላየኋትም። ሌሊት የጅብ ጩኸት ሰማን። ውሾቹ ትንፍሽ አላሉም። ሊነጋጋ ሲል ነው ጩኸታቸውን ያቀለጡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያኔ ገባኝ። ጠዋት ብንወጣ ከአህያዋ የተረፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሽማግሌ ገብቶ የዋጋዋን ግማሽ ከፈልኩ። ጎረቤቴ ግን ለወራት ጠላዬን አልቀምስም ብሎ ቆየ። ለጥምቀት ነው የታረቅነው።

አንቺ ደግሞ የምትጠምቂው በዐቢይ ጾም ነው። በዚህ ወቅት ጅብ ይደፍራል። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ የሚጣል አጥንትና አንጀት የለም። ወሬ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ትግራይ ውስጥ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። በዐቢይ ጾም ጅቦቹ የሚበሉት አህያ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጨምሮ አገኙት። እኛ እንጾማለን፣ ጅቡ ወደ አህያ ይዞራል።

ስለዚህ አተላሽ አያድር። በዚያው ቀን ከብት ለሚያደልብ ሰው ስጪ። ወሳጅ ካጣሽ ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪው፣ ላዩ ላይ አመድ ነስንሽበት። አህያ፣ በግ ወይም ፍየል ካለሽ ሌሊት በር ባለው ቤት ይደር፤ ችካል ላይ አስረሽ ደጅ አትተይው። ደግሞ የጠላ ጋኑን ልጠብቅ ብለሽ ደጅ እንዳትተኚ፣ አደራ! ጋኑን ጅብ አይነካብሽም።

ጦጣው ሌላ ነገር ነው። እሱ በቀጥታ ላንቺ እህል ነው የመጣው። ብቅል ገብስ በቅሎ የጣፈጠ ነው፤ ለጦጣም ለዋኔም ለድንቢጥም ድግስ ማለት ነው። ጦጣ የቀን አውሬ ስለሆነ ማታ ስለ እሱ አታስቢ። ጠዋት ማልዶና ወደ ማምሻው ላይ ነው የሚበረታው፣ ቢያንስ እኛ ሰፈር። እኔ ብቅሉን ከጉሎው ቅጠል አውጥቼ የማሰጣው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በፊት አስገባለሁ። በላዩ ላይ ወንፊት ሽቦ እዘረጋለሁ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ እይዘዋለሁ። ማስፈራሪያ አሻንጉሊትም አቁሜ አይቻለሁ። ሁለት ቀን ፈሩት። በሦስተኛው ቀን አንዱ ትከሻው ላይ ተቀምጦ ብቅሌን ሲቆረጥም አገኘሁት።

ከሁሉም የሚሻለው የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ግን ልጁ ጦጣ ጥግ አስይዞ እንዳይመታ ንገሪው፣ ይናከሳል። ጦጣም ይሁን ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በብዙ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ሲወሰድ ነው።

ቁራው የሚወደው ቂጣሽን ነው። ቂጣውን ቆራርሰሽ እንዲቀዘቅዝ ስታስቀምጪ ዞር አትበይ። ዶሮዎችሽንም እሠሪ። የኔዎቹ አንዴ የተደፋ ድፍድፍ ለቅመው ግቢውን እየተንገዳገዱ ሲዞሩት ውለዋል። አውራው ዶሮ ማታ ቆጡ ላይ መውጣት አቅቶት መሬት ላይ አደረ፤ እናቴ «ይሄ እንደ አባትሽ ነው» ብላ ሳቀች።

አሁን ማንም ቦታ ወደማይሰጣት ልምጣ። ጠላን የምታበላሸው ጅብም ጦጣም ሳትሆን ያቺ ዓይኗ ቀይ ትንሽ ዝንብ ናት። የሚፈላ ነገር ሸትቷት ትመጣለች። በእግሯ የምትይዘው ባክቴሪያ አየር ካገኘ የጠላውን አልኮል ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል። እኔ አንድ ጋን ሙሉ እንዲህ ሆኖብኝ ደፍቻለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ጥንስሱን ከድኜ ጠርዙን ክፍት ትቼው ነው። አሁን ከመጠንሰሴ በፊት ጋኑን በግራዋ አሽቼ አጥበዋለሁ፣ በወይራ አጥነዋለሁ፤ ጥንስሱ ከገባ በኋላ አፉን በንጹሕ ስስ ጨርቅ አስሬ ከላይ እከድነዋለሁ። ውኃ ተሞልቶበት ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጋ ደግሞ ዙሪያውን በጭቃ መምረግ ነው። ፕላስቲክ በርሜል የምትጠቀሚ ከሆነም ክዳኑ ይጥበቅ እንጂ ትንሽ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ክዳኑ ይፈናጠራል።

ንብም ትመጣብሽ ይሆናል፣ በተለይ በዚህ ደረቅ ወቅት። የምትፈልገው ጋን የታጠበበትን እርጥብ መሬት ነው። ራቅ አድርጌ ሰፌድ በሚያህል ሳህን ውኃ አስቀምጣለሁ፣ እንዳትሰምጥ ጠጠር ጨምሬበት። ጎንደሬ ሆኖ ንብ የሚያባርር ደግሞ አይገባኝም፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማውን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ሲባል አይደል ያደግነው?

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። ከመላሾቹ አንዱ «መርዝ አድርጊበት» ብሎሻል። አታድርጊው። መርዝ የበላው እንስሳ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሞታል፣ ጥንብ አንሳውና ጭልፊቱ ደግሞ እሱን ይበሉታል። ጥንብ አንሳ በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት አሞሮች ነው፣ አንዱ ትልቁ ምክንያትም ይኸው መርዝ ነው። የጎረቤት ልጅና ድመትም አለ።

ለአጥሩ አሁን ብር ከሌለሽ ክፍቱን ቦታ በአጋም እሾህ ድፈኝው፣ ለፋሲካ ያደርስሻል። አተላ የሚወስድ ሰው ካጣሽ ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ። እኛ ሰፈር በሬ የሚያደልብ ልጅ አለ፤ ጀሪካኑን ራሱ ይዞ ይመጣል።