የእናታችንን መታሰቢያ እንዴት እናድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ እናታችን በ86 ዓመቷ ዐርፋለች። ከአባታችን ጋር በሥርዓተ ቍርባን ተጋብተው 60 ዓመት ያህል አብረው ኖሩ፤ ሰባት ልጆችንም አሳደገች። ከወጣትነቷ ጀምሮ የእመቤታችንን ማኅበር ትጠጣ ነበር። አርባዋ የሚውለው በዐቢይ ጾም ነው። በውጭ አገር ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ድንኳን ተጥሎ፥ ሰንጋ ታርዶ፥ ዘመድ ሁሉ ተጠርቶ ትልቅ ተዝካር ይደረግላት ይላሉ፤ እዚህ ያለነው ደግሞ ገንዘቡ ለችግረኞች ይሰጥ እንላለን። አባታችን ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያድራሉ፤ «ዕድሜ ጠግባ ለሄደች ማልቀስ እምነት ማጣት ነው» የሚሏቸውም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምረናለች?

መልስ፦ እግዚአብሔር የእናታችሁን ነፍስ ከአብርሃም፥ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን፤ እናንተንም ያጽናናችሁ። ከአባታችሁ ልጀምር፤ ከተዝካሩ ይልቅ ፈጥኖ መልስ የሚሻው የእርሳቸው ነገር ነውና።

ሣራ ያረፈችው በ127 ዓመቷ ነው። ይህን ያህል ዘመን የኖረችውን፥ በእርጅናዋም የተስፋውን ልጅ ወልዳ ያሳደገችውን እናት ዕድሜ አልጠገበችም የሚል አይኖርም፤ ነገር ግን አብርሃም ሊያዝንላትና ሊያለቅስላት እንደ መጣ መጽሐፍ ይነግረናል (ዘፍ. 23፥2)። የእምነት አባት የተባለው አብርሃም ለሚስቱ ካለቀሰ፥ የአባታችሁን እንባ ከእምነት ማጣት የሚቆጥር ሰው አጽናናሁ ብሎ በሐዘናቸው ላይ ሌላ ሸክም ይጨምርባቸዋል። ጌታችንም ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ እንባውን አፍስሷል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ምእመናን ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ መከራቸው እንጂ ፈጽሞ እንዳያለቅሱ አልከለከላቸውም (1ኛ ተሰ. 4፥13)። ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው ፊት መንጨትን፥ ደረት መድቃትንና በፈጣሪ ላይ ማማረርን ነው። አብርሃም አልቅሶ ሲያበቃ ተነሣ፤ መቃብሩን በነጻ እንስጥህ ቢሉትም እንቢ ብሎ፥ የመክፈላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር ገዝቶ ሚስቱን በክብር ቀበራት። አባታችሁም ጊዜ ይፈልጋሉ። እስከዚያው ከልጆች ወይም ከልጅ ልጆች አንዱ እቤታቸው ይደር፥ ማዕድም ብቻቸውን አይቅረቡ፤ የንስሐ አባታቸውም በየጊዜው እየመጡ ዳዊት ይድገሙላቸው። ጦቢት ልጁን ጦብያን እናትህን አክብራት፥ በማኅፀኗ ሳለህ ስለ አንተ ያየችውን መከራ አትርሳ ብሎ መክሮታል። የእናታችሁን ውለታ ዛሬ የምትመልሱት አባታችሁን በመጦር ነው።

ወደ ተዝካሩ ስንመለስ፥ ዋናው ነገር ጸሎተ ፍትሐቱና ቅዳሴው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያረፉትን በሣልስት፥ በሰባት፥ በዐሥራ ሁለት፥ በሠላሳ፥ በአርባ፥ በሰማንያ፥ በመንፈቅና በሙት ዓመት ታስባለች። ስለዚህ ከአርባው ቀን አስቀድማችሁ የእናታችሁን የክርስትና ስም ለደብሩ ካህናት ስጡ፤ በጸሎቱ የምትጠራው በመታወቂያዋ ወይም በእድር መዝገብ ላይ በሰፈረው ስሟ ሳይሆን በጥምቀት በተሰየመችበት ስም ነው። ለመሥዋዕቱ ስንዴና ዘቢብ፥ ለጸሎቱም ዕጣንና ጧፍ ይዛችሁ ሂዱ።

የሰንጋው ነገር በጾሙ ምክንያት ያለቀለት ነው፤ ለአርባዋ የሚቀርበው ማዕድ የጾም ይሆናል። ግብዣውን ከትንሣኤ በኋላ የሚያደርጉ ቤተሰቦች አሉ፥ ነውርም የለበትም፤ ጸሎቱን ግን ለግብዣው ብላችሁ አታዘግዩት። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ (በሆሣዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ የሚደረገውም ለዚህ ነው) አርባዋ በዚያ ሳምንት የሚውል ከሆነ ቀኑን ከካህናቱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ገንዘቡ ለችግረኞች ይሰጥ ማለታችሁ ትክክል ነው። ጌታችን ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድኾችንና ጉንድሾችን፥ አንካሶችንና ዕውሮችን ጥራ ብሏል (ሉቃ. 14፥13)። ተበድሮ መደገስ፥ ነዳያኑን ከአጥር ውጭ አቁሞ ባለጸጋ ዘመድን በድንኳን ማስቀመጥ የእናታችሁን ነፍስ አይጠቅማትም፤ ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። ዳሩ ግን በውጭ ያሉትን ልጆቿን ውዳሴ ከንቱ ፈላጊዎች አታድርጓቸው። ለቀብሩ ያልደረሰ ልጅ በእጁ አፈር ስላላለበሳት የሆነ ነገር አድርጎ ልቡን ማሳረፍ ይፈልጋል። በያሉበት አገር በሚገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን በዚያው ዕለት ስሟን አስጠርተው ፍትሐት ያስደርጉላት፤ ከሚልኩት ገንዘብም ነዳያን ይብሉ፥ የተረፈው ደግሞ ለአንድ ችግረኛ ተማሪ ወይም ለአንዲት መበለት የዓመት ቀለብ ይሁን። ዘመድም ይጠራ፤ ነዳያኑ ከበሉ በኋላ አብሮ ቁጭ ብሎ ስለ እርሷ ያውጋ።

በዚያ ቀን ሰዎች ስለ እናታችሁ እንዲናገሩ ብታደርጉ፥ ጣቢታ ባረፈች ጊዜ በኢዮጴ የሆነውን አስታውሱ። መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት ከእነርሱ ጋር ሳለች ያደረገቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ቅድስት ነበረች፥ ወደር አልነበራትም እያሉ ውዳሴ መደርደር ቀላል ነው፤ እናንተ ግን ያሳደገቻት የጎረቤት ልጅ ትነሣና ትመስክር፥ በወሊዷ ጊዜ ገንፎ ይዛ የደረሰችላት ትናገር። አባታችሁም ቢችሉ ስለ ትዳራቸው ጥቂት ቢሉ መልካም ነው፤ ልባም ሴትን ልጆቿ ብቻ ሳይሆኑ ባሏም እንደሚያመሰግናት ተጽፏልና (ምሳ. 31፥28)።

ማኅበሯን በሚመለከት፥ ከመካከላችሁ አንዳችሁ እንድትወርሱት እለምናችኋለሁ። በብዙ ቦታ ልጅ በእናቱ ፋንታ ገብቶ መጠጣቱ የተለመደ ነው፤ የማኅበሩን ሙሴ (መሪውን) አነጋግሩና ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ። ወር በገባ በ21 ዝክሩን ማን እንደሚያዘጋጅ፥ ሁለታችሁ ወይም ሦስታችሁ እየተፈራረቃችሁ ማድረግ ትችሉ እንደሆነም አባታችሁ ባሉበት ተማክራችሁ ከአርባዋ በፊት ወስኑ።