ለደሴው ወንድማችን፦ የሞዴል ባቡር ዴፖ ሲሠራ መብራቱ ይቅደም

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ120 በ40 ሳንቲም ሰሌዳ ላይ ባለሁለት መስመር የሎኮሞቲቭ ዴፖ (ማደሪያና መፈተሻ ቤት) እየሠራህ ነው፤ ሁለት የኤች ኦ (ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንስ መጠን) የዲዝል ሎኮሞቲቮች አሉህ፤ ጣሪያው ሥር የ12 ቮልት ስትሪፕ ላይት (ኤልኢዲ የተደረደረበት ሪባን) ለጥፈህ ሽቦውን ከባቡሩ መቆጣጠሪያ ላይ አሥረኸዋል። ባቡሩ ሲፈጥን ዴፖው ይደምቃል፣ ሲቆም ይጨልማል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ጭራሽ ድርግም ይላል። «ስትሪፑ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሃል።

ስትሪፑ ደህና ነው፣ እንዳትጥለው። መቆጣጠሪያው ለሐዲዱ የሚልከው ከ0 እስከ 12 ቮልት የሚወጣና የሚወርድ ኃይል ነው፤ ፍጥነት ማለት እሱ ነው። አቅጣጫ ስትቀይር ደግሞ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይገላበጣሉ። ኤልኢዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበራው። በዚያ ላይ ስትሪፑ ውስጥ ሦስት ሦስት ኤልኢዲ በተከታታይ ስለተያያዙ ከ8 ቮልት በታች እምብዛም አይበራም። ዲጂታል መቆጣጠሪያ ብትገዛም ምክሬ ያው ነው። እዚያ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ከ14 እስከ 16 ቮልት ገደማ አለ፣ ግን ያ አቅም የባቡሮቹ ነው፤ የዴፖው መብራት አይጫንበትም።

1. ለመብራቱ የራሱን ምንጭ ስጠው። ቤት ውስጥ የተጣለ የራውተር ወይም የሪሲቨር አዳፕተር ካለ፣ መውጫው 12 ቮልት ዲሲ 1 አምፒር የሚል ከሆነ ይበቃሃል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ቀጭኑ ስትሪፕ፣ በሜትር 60 ኤልኢዲ ያለው፣ በሜትር 4.8 ዋት ይበላል። አንተ ለሁለቱ መስመር 60 ሳንቲም ብትጠቀም ሩብ አምፒር እንኳ አይሞላም። አሥራ ሁለት ነጠላ ኤልኢዲ ብትጨምርበት ጠቅላላው 0.3 አምፒር አካባቢ ነው። ባለ 5 አምፒር ካልገዛህ አይሆንም የሚሉ ሻጮች ገንዘብህን እያባከኑ ነው። ትልቅ አምፒር ሽቦ ሲነካካ የሚያቃጥለውም ያንኑ ያህል ትልቅ ነው።

አዳፕተሩን ሳታገናኝ በቴስተር ለካው። ቀላሉና አዲሱ ዓይነት ከ12 እምብዛም አይርቅም። ከባዱ፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው የድሮው ዓይነት ግን 12 ተብሎ ተጽፎበት ያለ ጭነት (ምንም ሳይገናኝበት) 16 ወይም 17 ቮልት ይሰጣል፤ ኤልኢዲ የሚፈጀው እሱ ነው። ፖዘቲቩ ላይ፣ ከሁሉም ነገር በፊት፣ የ1 አምፒር ፊውዝ አስገባ። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ዴፖው እንዲበራ ከፈለግህ የ12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይህን ጭነት ሃያ ሰዓት ገደማ ይሸከማል፤ ያን ጊዜ ግን ፊውዙ ግዴታ ነው፤ ባትሪ ሾርት ሲያደርግ እንደ አዳፕተር ራሱን አያቋርጥም።

2. ለእያንዳንዱ ነጠላ ኤልኢዲ የራሱ ሬዚስተር (የሚያልፈውን ኃይል የሚገድበው ዕቃ)። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ስለሆነ በደንብ ላስረዳህ። ሰባት ኤልኢዲ ጎን ለጎን ይደረደርና አንድ ሬዚስተር ለሁሉም ይደረግለታል፤ ሲያበሩት ያምራል። ነገር ግን ኤልኢዲዎቹ እኩል አይደሉም። አንዱ በ2.9 ቮልት ይከፈታል፣ ሌላው በ3.1። ቶሎ የሚከፈተው አብዛኛውን ኃይል ለራሱ ይወስዳል፣ ይግላል፣ ከሳምንት በኋላ ይሞታል። የእሱ ድርሻ ለቀሩት ስድስት ይከፋፈላል፤ ከነሱም ደካማው ይከተላል። እንዲህ እያለ ሰባቱም ያልቃሉ። ባለቤቱ ደግሞ ዕቃው የማይረባ ነው ብሎ ሌላ ይገዛና ያንኑ ይደግመዋል።

በ12 ቮልት ለነጭ ኤልኢዲ፦ 1 ኪሎ ኦም ብታደርግ 9 ሚሊ አምፒር ያልፋል፣ ለሞዴል በጣም ይበዛል። 2.2 ኪሎ ኦም፣ ሦስቱም ቀለበት ቀይ የሆነው፣ 4 ሚሊ አምፒር ይሰጣል፤ ለግቢ መብራት ልክ ነው። 4.7 ኪሎ ኦም፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ወደ 2 ሚሊ አምፒር ያወርደዋል፤ ለጽሕፈት ቤት መስኮት እሱን አድርግ። 10 ኪሎ ኦም እንኳ ቢሆን በጨለማ ክፍል ውስጥ በቂ ነው። ሩብ ዋቱ ሬዚስተር ለሁሉም ይሆናል። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ከቆረጥከው በኋላ ግን መለየት ስለሚያስቸግርህ መጀመሪያ በቀይ ማርከር ምልክት አድርግበት።

ቀለሙ ላይ ተጠንቀቅ። ዋርም (ወደ ቢጫ የሚያደላ) በል እንጂ ዝም ብለህ ነጭ አትግዛ። ሰማያዊ የሚመስለው ቀዝቃዛ ነጭ ዴፖውን የሞባይል መሸጫ ሱቅ ያስመስለዋል። ለአዳራሹ ብቻ ቀዝቃዛው ያስኬዳል፣ እሱም ደብዘዝ ካለ። ቀዝቃዛ ገዝተህ ከሆነ የኤልኢዲዎቹን ፊት በብርቱካናማ ማርከር ሁለት ጊዜ ቀባው፣ ይለዝባል።

ዕቃ ከውጭ ልታስመጣ ካሰብክ፦ ሐዲድ በሙሉ ርዝመቱ፣ በ914 ሚሊ ሜትር፣ አታስልክ። ረጅም ጥቅል መንገድ ላይ ይታጠፋል፤ ደሴ የሚደርሰውም ከብዙ እጅ በኋላ ነው። ጥቅል የሚለቀው አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ «ይሄ መጫወቻ ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ዕቃ?» እያለ ሦስት ቀን ያመላልሳል፣ ቆመህ ስትጠይቅ ቀና ብሎ የሚያይህ የለም። የዕቃውን ዝርዝር በአማርኛ፣ በብዛትና በዋጋ ጽፈህ ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። የዕቃው ሥዕል አብሮ ሲኖር ክርክሩ ያጥራል። አዳፕተርና ሽቦ ግን ከውጭ አታምጣ፤ ፒያሳ ካሉት ሬዲዮ ጠጋኞች ታገኛለህ።

3. ጣሪያውን አታጣብቅ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን ያዝ። ጣሪያው ከነስትሪፑ እንደ ድስት ክዳን ተነስቶ የሚቀመጥ ይሁን። ሽቦው በአንድ ጥግ ምሰሶ ውስጥ ወርዶ ሰሌዳው ሥር በማገናኛ ይለያይ። ስትሪፑ ቁርጥ ምልክቱ ላይ ብቻ፣ በየ5 ሳንቲሙ፣ ይቆረጣል፤ ለ30 ሳንቲም ጣሪያ ስድስት ቁራጭ ርዝመት ልክ ይመጣል። ከ12 ይልቅ በ9 ቮልት ብታበራው ብርሃኑም የእውነት ዴፖ ይመስላል፣ በተዘጋ ጣሪያ ሥርም አይግልም።

የዴፖውን ቤት በተመለከተ፦ ኤች ኦ 1 ለ87 ነው። 20 ሜትር ሎኮሞቲቭ 23 ሳንቲም ይሆናል፣ 22 ሜትሩ 25.3። ስለዚህ የውስጥ ርዝመቱን 30 ሳንቲም አድርገው። በሁለቱ መስመር መካከል፣ ከመሃል እስከ መሃል፣ 68 ሚሊ ሜትር፤ በየግድግዳው በኩል 40 ጨምርና ስፋቱ 15 ሳንቲም ይሆናል። በሩ 50 በ68 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከበሩ ፊት 25 ሳንቲም ግቢ፣ መስመሮቹ ለሚራራቁበት 20፣ ለመገንጠያው 20፣ ለመግቢያው 25 ስታደርግ 120ህ በትክክል ያልቃል። የኮምቦልቻን መስመር ለመምሰል እንደምትፈልግ ጽፈሃል፤ እሱ ባለ 1435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ስለሆነ የኤች ኦው 16.5 ልኩ ነው። የድሮው የድሬዳዋ ባቡር ግን የ1 ሜትር ሐዲድ ነበር፣ በዚሁ መጠን 12 ሚሊ ሜትሩን ይፈልጋል፤ ሁለቱን አታደባልቅ። የኮምቦልቻው በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታቀደ ስለሆነ ግቢው ላይ የሽቦ ምሰሶ ብታቆም ያምራል፤ ሽቦው ለእይታ ብቻ ነው።

ግድግዳውን ቁምሳጥን ጀርባ ከሚመቱት 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ ቁረጠው። መስኮቱን በትራፓኖ በስተህ በቀጭን ሴጌቶ አውጣው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው። ከዚያ ቀለም ከመቀባትህ በፊት ውስጡን በሙሉ ጥቁር ቀባ፣ በላዩ ነጭ ወይም ግራጫ። በተለይ በኤምዲኤፍ ፋንታ ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ከተጠቀምክ፣ ጥቁሩ ከሌለ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ማታ ግድግዳው እንደ ፋኖስ ይበራል። ማዕዘኖቹን ከውስጥ በጥቁር ስኮች ዝጋ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አብርተህ በዙሪያው ተመልከት፣ ብርሃን የሚሾልክበትን በስቱኮ ድፈን።

ለጣሪያው ቆርቆሮ የሚሆን መላ አለ። የ5 ሚሊ ቡሎን ጥርሱ 0.8 ሚሊ ሜትር ይራራቃል፤ በ87 ስታባዛው 7 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ለእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ቅርብ። ከምግብ መያዣ አሉሚኒየም ቁረጥ፣ አሮጌ የመኪና ካላማዳሪ ላይ አንጥፍና ረጅም ቡሎን እየተጫንክ አንከባልልበት። ሞገዱ ይወጣል። 10 በ23 ሚሊ ሜትር እየቆረጥክ አንዱን በሌላው ላይ እያነባበርክ ለጥፍ፤ አንድ ሁለቱን የዛገ ቀለም ቀባቸው።

የመፈተሻው ጉድጓድ የዴፖው ነፍስ ነው። 13 ሚሊ ስፋት፣ 17 ሚሊ ጥልቀት፣ ርዝመቱ ከሎኮሞቲቩ በትንሹ የሚበልጥ። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ብሳውና ከሥር በካርቶን ዝጋው። ከሐዲዱ ላይ አግዳሚዎቹን አውጥተህ ሐዲዱን በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አጣብቅ፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ድረስ አንድ ፉርጎ በእጅህ እያመላለስክ ስፋቱ መጠበቁን አረጋግጥ። በየጎኑ ሦስት ሦስት ጥቃቅን ኤልኢዲ በቂ ነው። ሽቦአቸው ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚፈታው ፀጉር የመሰለ መዳብ ነው። እሱ በቫርኒሽ የተሸፈነ ስለሆነ ጫፉን በምላጭ ካልፋቅከው ሊድ አይዝም፤ የያዘ ይመስልህና በማግስቱ ይጠፋል። ከሐዲዱ ብረት ጋር እንዳይነካካም ከሥር ብቻ አሳልፈው። ማታ ሎኮሞቲቩን አስገብተህ የላይኛውን አጥፍተህ የጉድጓዱን ብቻ ስታበራ፣ የጎማዎቹ ጥላ ጣሪያው ላይ ይወጣል። የኔ አራት ክረምት አልፎታል፣ ከጉድጓዱ አንድም ኤልኢዲ አልተቃጠለም፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየውም እሱን ነው።

ለግቢው ምሰሶ የተሰበረ ጃንጥላ ዘንጎች ተጠቀም። ቦይ አላቸው፤ ሽቦው እዚያ ውስጥ ይደበቃል፣ ብረቱ ራሱ ደግሞ ኔጌቲቭ ይሆንልሃል። 14 ሳንቲም ብትቆርጠው የ12 ሜትር ምሰሶ ነው። አዳራሽ፣ ጉድጓድ፣ ቢሮ፣ ግቢ፤ አራቱም የየራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ ይኑራቸው።

ሁለቱ ሎኮሞቲቮች አብረው እንዳይነሱብህ በየመስመሩ አንዱን ሐዲድ ከበሩ ፊት ቆርጠህ በፕላስቲክ መጋጠሚያ አገናኘው፣ ማብሪያ አድርግለት።

አሁን ጠጠሩ። የቦርከና አሸዋ ቀለሙ ድንቅ ነው፣ እኔም ከእሱ ሌላ አልጠቀምም። ግን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሻይ ማጥለያ ከተነፋ በኋላ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ በአሸዋው ውስጥ አመላልስ። ፌስታሉ ላይ ጥቁር ፂም ይበቅልበታል። የእኛ አገር ድንጋይ ብረት አለበት። ያን ሳታወጣ ብታፈስስ የሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት እየሳበ ይሰበስበዋል፤ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ሞተሩ ይታነቃል። የመብራት ስህተት የሚያስከፍልህ ጥቂት ብር ነው፣ ይሄኛው አንድ ሎኮሞቲቭ ነው። ምንም እስከማይነሳ ድረስ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግም። ካፈሰስከው በኋላ ኮላ ከእኩል ውኃ ጋር በጥብጠህ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህ በስሪንጅ አጠጣው። የመገንጠያውን ተንቀሳቃሽ ምላስ አካባቢ ግን ደረቅ ተወው።

የጦሳ ጉም ቤት በሚገባበት ክረምት ሐዲድ የሚያጣምመው ሙቀት ሳይሆን የእንጨቱ እርጥበት ነው። ሰሌዳውን ከሥሩም ከጠርዙም ቀለም ቀባው፤ ላዩን ብቻ የቀባኸው ሰሌዳ ይጎብጣል። ቺፑድ ደግሞ ጭራሽ አትሞክር፣ ያብጣል።

ዛሬ ማታ ሌላውን ትተህ ስትሪፑን ከመቆጣጠሪያው ፍታና ያለህን አዳፕተር ያለ ጭነት ለካ። ያነበብከውን ቁጥርና ስትሪፑ በሜትር ስንት ኤልኢዲ እንዳለው እዚሁ ጻፍልኝ፤ ሬዚስተሮቹን በቁጥር በቁጥር አወጣልሃለሁ።